ለቁጫጭና ለጉንዳን ጥያቄሽ፦ ቱሉ ዲምቱ የገጠመኝን ልንገርሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት፤ በጥድፊያ ከምመልስ ብዬ ለዛሬ አሳደርኩት። ያልሽው ይህን ነው፦ ሰበታ አዲስ ቤት ገብታችኋል፣ ማዕድ ቤት ውስጥ ስኳሩን ቁጫጭ ወሮታል፣ ጓሮ ያለው ሎሚ ላይ ደግሞ ጥቁር ጉንዳን ይመላለሳል፣ ቅጠሉም ጥላሸት የተቀባ መስሏል። ፍሊት 3 ጊዜ ነፍተሽ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። የሚድህ ልጅም አለሽ።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ስኖር 9 ዓመት ሆነኝ። ሰፈራችን ዋልካ ነው። በበጋ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ይይዛል። የጉንዳኖቹ ጉድጓድ ውሃ ሲሞላ እነሱም እንደ ሰው ደረቅ ቦታ ፍለጋ ይወጣሉ። ደረቁ ቦታ ደግሞ የእኔ ማዕድ ቤት ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ እንግዳ እንደሚመጣብኝ አውቄ ነው የምጠብቀው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። በገባንበት ክረምት ጉድጓዳቸውን ጌሾዬ ሥር አገኘሁትና አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ደፋሁበት። በሦስተኛው ቀን ጌሾው ጠወለገ፤ ብዙም ሳይቆይ ደረቀ። ጉንዳኖቹስ? 2 ሜትር ፈቀቅ ብለው አጥሩ ሥር አዲስ አፈር ሲቆልሉ አገኘኋቸው። ጌሾው ከእናቴ ግቢ የመጣ ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ፍሊቱም ያው ነው። አንቺ የምታያቸው ለቀለብ የወጡትን ብቻ ነው። ንግሥቲቱ ከውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የገደልሻቸውን ትተካለች። አንዳንዱ ዓይነት ጭራሽ ሲረበሽ ይከፋፈልና አንድ የነበረው ጎጆ ሁለት ሦስት ይሆናል። ባሕር ዳር አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ አንዲት ትንሽ ጉንዳን ተጠንታ ነበር። በፈረንጆቹ 2017 በወጣው ጥናት መሠረት አንዱ መንጋ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ተገኝቷል። እኔ በማንቆርቆሪያ ነበር የምዘምተው!

ከማዕድ ቤቱ እንጀምር። ነገ ጠዋት ፍሊቱን አስቀምጪና ሰልፋቸውን ወደ ኋላ ተከተዪ። እኔ ልጄ ከጣለው የብስኩት ቁራሽ ተነስቼ ነው የተከተልኳቸው። ከብስኩቱ ወደ ግድግዳው፣ ጥግ ጥጉን ወደ መስኮቱ። መስኮቱ ሥር ክብሪት እንኳ የማያስገባ የሲሚንቶ ስንጥቅ አለ። ያ ሁሉ ሠራዊት የሚገባው በዚያች ነበር።

ሰልፉ የማይሳሳተው ሽታ እየተዉ ስለሚሄዱ ነው፤ የኋለኛዋ የፊተኛዋን ሽታ ትከተላለች። መጥረግ ብቻ የማይበቃውም ለዚህ ነው። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለሽ፣ ወይም በሳሙና ውሃ፣ መንገዱን እሺው። ለጨዋታ ያህል መጀመሪያ ከሰልፉ መሃል አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ አጥፊና ተመልከቺ። ከዚህም ከዚያም የመጡት ጠርዙ ላይ ቀጥ ይላሉ፤ አንቴናቸውን እያወዛወዙ ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ፣ እርስ በርስ ይነካካሉ። ልጄ ይህን ሲያይ ምሳውን ረስቶ ቀረ።

ቀዳዳውን ግን ወዲያው አትድፈኚ። የቤት ውስጡን መንገድ አጥፊ፣ የውጪውን ተዪ፤ ማባበያው የሚቀመጠው እዚያ ነው። እኔ የምጠቀመው ቦሪክ አሲድ ነው፤ መርካቶ ኬሚካል ከሚሸጡ ሱቆች ነው የገዛሁት። ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 10 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ቦሪክ አሲድ። በደንብ አሟሚው። ይበልጥ ይግደል ብለሽ አታጠንክሪው። ባለቤቴ አንዴ እንደዚያ አደረገና ዙሪያው ሬሳ በሬሳ ሆነ፤ ጎጆው ግን ምንም አልሆነም። የሚፈለገው ጠጥታ፣ በሆዷ ይዛ ገብታ፣ ለእጮቹና ለንግሥቲቱ እንድታካፍል ነው። መንገድ ላይ ከሞተችማ ምን ዋጋ አለው?

ልጅ ስላለሽ ይህን በደንብ ስሚኝ። ሳህን ላይ እንዳታስቀምጪው። ጥጥ ነክረሽ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ክተቺ፤ ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊና ጎኑን በጋለ ሚስማር ብሺው። የልጅ እጅ በማይደርስበት ከፍታ፣ መንገዳቸው ባለበት የውጪ ግድግዳ ላይ እሰሪው። ላዩ ላይ «መርዝ» ብለሽ ጻፊበት፤ የተረፈውንም ቆልፊበት። አፈር ላይ አትድፊው፣ ተክል ይጎዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበፊቱ በዝተው ሲመጡ እንዳትደነግጪ። እኔ ጋ የጠፉት በ3ኛው ሳምንት ነው፤ ስንጥቁን የደፈንኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስኳሩን ካልነኩት የማር ጠብታና ትንሽ ቅቤ ጎን ለጎን አስቀምጪና የትኛውን እንደሚመርጡ እዪ፤ ቅቤ የሚወዱም አሉ።

እስከዚያው የስኳሩን ዕቃ ውሃ ያለው ሳህን መሃል አቁሚው። እናቴ የማር ማሰሮዋን እንዲህ ነበር የምታቆየው።

አሁን ሎሚሽ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቼ ነበር። ሎሚውን የሚበላው ጉንዳኑ አይደለም። ቅጠሉን ገልብጪው። ክሽክሽ (ቅጠል ላይ የሚሰበሰቡ ጥቃቅን ተባዮች)፣ ወይም ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር፣ ወይም ግንዱ ላይ እንደ ቅርፊት የተለጠፈ ቡናማ ነጠብጣብ ታገኛለሽ ብዬ እገምታለሁ። እነዚህ የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጡና ጣፋጭ፣ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣሉ። ጉንዳኑ የሚመላለሰው ያንን ሊልስ ነው። ያ ጥቁር ጥላሸትም በዚሁ ጣፋጭ ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው። ጉንዳኑ እነሱን እንደ ከብት ነው የሚጠብቃቸው! ያቺ ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ ልትበላቸው ስትመጣ ያባርራታል። እኔ አንድ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሦስት ሆነው እግሯን ነክሰው ከቅጠሉ ጣሏት።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አሟምተሽ ማለዳ ወይም ማምሻ ላይ የቅጠሉን ሆድ እርጪ፤ መጀመሪያ ጥቂት ቅጠል ላይ ሞክሪው። በሳምንቱ ድገሚው። ሁለተኛ፣ ግንዱን በጨርቅ ጠምጥሚና ከላዩ በላስቲክ ሸፍነሽ ላስቲኩ ላይ ግራሶ ቀቢ። ልጡን ራሱን እንዳትቀቢ፤ ይጎዳዋል። ግድግዳ ወይም መሬት የነካ ቅርንጫፍ ካለ ቁረጪው፤ አለበለዚያ በድልድይ ይሻገራሉ። እኔ ግራሶውን ቀብቼ በኩራት ገባሁ። በማግስቱ ሳይ ለካ አንዲት ቅርንጫፍ አጥሩ ላይ ተደግፋለች፤ ሠራዊቱ በሙሉ በእሷ እየተሻገረ ነው።

አስተያየት መስጫው ላይ አንዱ ወንድማችን ስለ ገብረ ጉንዳን ጠይቋል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ስኳር አያታልለውም፤ የሚመጣው ለአደን ነው። ከ3 ዓመት በፊት ነሐሴ ላይ ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ጫጩቶቼ ሲጮሁ ነቃን። መብራት ጠፍቷል። ባለቤቴ በአንድ እጁ ሻማ፣ በሌላው ነጭ ጋዝ ይዞ ሲወጣ ጮኼ አስቆምኩት፤ ጉንዳኑን ትተን ቤቱን ልናነድ ነበር። ከ11 ጫጩት የተረፉት 4 ናቸው፤ ካርቶን ውስጥ ስለዘጋሁባቸው ማምለጫ አልነበራቸውም። አሁን ክረምት ላይ የዶሮ ቤቱን ዙሪያ ደረቅ አመድ እነሰንሳለሁ፤ ዝናብ ሲያጥበው እደግማለሁ። ቤት ከገባ ልጅሽን ይዘሽ ውጪለት። በረሮውን ለቃቅሞ ብዙ ሳይቆይ በራሱ ይሄዳል። ነክሳ የያዘችሽን አትጎትቻት፤ አካሏ ተበጥሶ ጭንቅላቷ ቆዳሽ ላይ ይቀራል።

ግድግዳሽ ላይ የጭቃ ቧንቧ የመሰለ መስመር ካየሽ ግን ምስጥ ነው፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ ለእሱ አይሠራም።

እስቲ የሎሚውን ቅጠል ገልብጠሽ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊልኝ። ክሽክሽ ይሁን ሌላ፣ አይቼ እነግርሻለሁ።