ጠዋት ጠዋት እጄ ለብቻው ይወራጫል

ጥያቄ፦ ዶክተር 19 ዓመቴ ነው። ጠዋት እንደተነሳሁ እጄ ድንገት ይወራጭና የጥርስ ብሩሹም ብርጭቆውም ከእጄ ይወረወራል። ራሴን አልስትም፣ ሁሉንም እሰማለሁ። ሳጠና ያደርኩ ቀን ይብስብኛል። የሚጥል በሽታ ግን አይደለም አይደል? ነርቭ ነው ብዬ ቫይታሚን ወሰድኩ፣ ለውጥ ሳጣ የአጎቴ ልጅ የሚወስደውን ካርባማዜፒን ጀመርኩ፣ ከዛ ወዲህ ጭራሽ በዛብኝ። የትኛው ቫይታሚን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽው ስለ ቫይታሚን ነው፣ የፈራሽው ግን ሌላ ነው፣ እኔም የምመልስልሽ እሱን ነው። ሳልመረምርሽ አልፈርድም፣ ግን የነገርሽኝ ነገር ጁቨናይል ማዮክሎኒክ ኤፒለፕሲ የሚባለውን በጣም ይመስላል። አዎ፣ ከሚጥል በሽታ አይነቶች አንዱ ነው። ቆይ ግን አትደንግጪ፣ እብደት አይደለም፣ አይጋባም፣ ትምህርትም ትዳርም አይከለክልም፣ ትክክለኛው መድኃኒት ሲገኝ ደግሞ አብዛኛው ሰው ላይ መወራጨቱ ይቆማል ወይ በጣም ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ12 እስከ 18 ዓመት ባለው ነው፣ ስንቱ ልጅ እጀ ሰባራ እየተባለ ዓመታት ያሳልፋል መሰለሽ። እንቅልፍ ሊወስድሽ ሲል ብርግግ የምትይው ግን ሌላ ነው፣ እሱ ጤነኛም ላይ አለ።

አሁን ወደ ካርባማዜፒኑ፣ እሱም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። በእውነት ይሄ ያናድደኛል። መድኃኒቱ ለአጎትሽ ልጅ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ የሱ በሽታ ሌላ አይነት ነዋ! ያንቺ አይነቱን ግን ካርባማዜፒን ሊያባብሰው ይችላል፣ ፌኒቶይን የሚባለው ሌላው የሚጥል መድኃኒትም እንደዛው፣ ስለዚህ የበዛብሽ እንዲሁ አይመስለኝም። «የሚጥል መድኃኒት ሁሉ አንድ ነው» የሚባለው ወሬ ስንት ሰው እንደጎዳ ብታውቂ። ደሞ ይሄን አነበብኩ ብለሽ ዛሬ ማታ ክኒኑን እንዳትጥይው፣ በድንገት ማቆሙም ራሱ ትልቁን፣ ራስን አስቶ የሚጥለውን ማንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ዛሬ ካልሆነ ነገ ፓኬቱን ይዘሽ ሐኪም ጋር ሂጂ፣ እንዴት እንደሚቀየር እሱ ይንገርሽ። ለሚቀጥለው ወር አትበይኝ።

ቫይታሚኑን እርሺው። እንቅልፍ ነው ያንቺ ዋና ነገር፣ አድሮ ማጥናት ይቅር፣ መጠጥም ይቅር። ጠዋት መወራጨቱ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ ከመጣ ትልቁ ሊከተል ስለሚችል ትኩስ ነገር ከያዝሽ ከእጅሽ አስቀምጪ፣ መሬት ተቀመጪ፣ ሰው ጥሪ። ቤተሰቦችሽም ይወቁት፦ ከወደቅሽ በጎን ያስተኙሽ፣ አፍሽ ውስጥ ማንኪያም ጣትም እንዳይከቱ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይ ሳትነቂ ከደገመሽ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ኒውሮሎጂስት፣ ማለትም የአንጎልና የነርቭ ሐኪም፣ ካገኘሽ ኢኢጂ የሚባለውን የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ ያዝልሻል። ጠዋት ሲወራጭብሽ አንድ ሰው በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽሽ፣ እሱን ማሳየት ብዙ ይረዳል። ቫልፕሮዌት ለዚህ በደንብ ይሠራል ግን ፅንስ ስለሚጎዳ ላንቺ ዕድሜ ሴት ሌላ መድኃኒት ይቀድማል፣ ለምሳሌ ሌቬቲራሲታም። ለመውለድ ስታስቢ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ካረገዝሽ በኋላ አይደለም።