ቤቴን ለየትኛው ደላላ ልስጥ?

ጥያቄ፦ ባለ ሦስት መኝታ ቤታችንን ልንሸጥ ወስነናል። ሦስት ደላሎች በየተራ መጥተው አዩት። አንዱ 9 ሚሊዮን፣ ሌላው 9 ሚሊዮን ተኩል፣ ሦስተኛው ደግሞ 12 ሚሊዮን ያወጣል አሉን። ባለቤቴ "ለሦስተኛው እንስጠው፣ ምን ይጎዳናል?" ይላል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት። ገንዘቡን የሚያወጣው ገዢው እንጂ ደላላው አይደለም። ደላላው ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ቢጠራ ከኪሱ የሚወጣ ነገር የለም፤ ውሉን ግን ያገኝበታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። የስድስት ወር ውል ይፈረማል፣ ማስታወቂያው ይወጣል፣ ስልኩ ዝም ይላል። ወር ሲሞላ "ገበያው ቀዝቅዟል፣ ትንሽ ዝቅ ብንልስ?" ይባላል። በሁለተኛው ወርም እንዲሁ።

ጉዳቱ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ነው። አዲስ ማስታወቂያ በብዛት የሚታየው ያኔ ነው፤ ቤት ሲፈልጉ የከረሙ ቁርጠኛ ገዢዎች አይተው የሚወስኑበትም ያኔ ነው። 9 ሚሊዮን ተኩል የያዘ ሰው 12 ሚሊዮን የተጻፈበትን ቤት ከፍቶም አያየው። 12 ሚሊዮን ያለው ደግሞ በዚያው ገንዘብ የተሻለ ቤት ስለሚያገኝ አልፎት ይሄዳል። ዋጋው ዘግይቶ ሲወርድ እነዚያ ገዢዎች ሌላ ቤት ገዝተዋል፤ አዲስ የሚመጣውም "ይህን ያህል ጊዜ ያልተሸጠው ምን ቢኖርበት ነው?" ብሎ ይጀምራል። ከ12 ተነስቶ ከ9 በታች የሚሸጥ ቤት የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስቱንም "ይህን ዋጋ ከምን አመጡት?" ብለው ይጠይቋቸው። የሚፈልጉት መልስ በአካባቢው ባለፉት ከ3 እስከ 6 ወራት የተሸጡ፣ በስፋትና በዕድሜ ከቤትዎ ጋር የሚቀራረቡ ቢያንስ ሦስት ቤቶች፣ ከነተሸጡበት ቀንና ዋጋ ነው። ለሽያጭ የቀረቡ ቤቶች ዝርዝር አይበቃም፤ እነዚያ ዋጋዎች ገና ማንም ያልከፈላቸው ናቸው። ከዚያ ስሌቱን አብረውት ይሥሩ። ጎረቤት ያለ 180 ካሬ ሜትር ቤት በ9.9 ሚሊዮን ተሽጦ ከሆነ በካሬ 55,000 ወጥቷል ማለት ነው። የእርስዎ 170 ካሬ ቢሆን 9.35 ሚሊዮን ይመጣል። የዚያኛው ወጥ ቤት በቅርቡ የታደሰ፣ የእርስዎ ግን ያረጀ ከሆነና ለማደስ 300,000 የሚጠይቅ ከሆነ ያ ይቀነሳል፤ 9.05 ሚሊዮን ይሆናል። ስሌቱ የሚሠራው ስፋታቸው ለሚቀራረብ ቤቶች ብቻ ነው፤ ትልቅ ቤት በካሬ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ረከስ ስለሚል፣ የ400 ካሬውን ዋጋ ለ170ው መጠቀም ያሳስታል።

12 ሚሊዮን ያለው ደላላ እንዲህ ያለ ማስረጃ ካቀረበ ይስሙት፤ ሌሎቹ ያላዩትን ነገር አይቶ ሊሆን ይችላል። "ገዢ በእጄ አለ" ብቻ ካለ ግን ገዢውን ነገ ይዞት እንዲመጣ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ሁሉም ደላላ ልምድ አለኝ ይላል። ከመፈረሜ በፊት እውነቱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በቅርቡ የሸጣቸውን አሥር ቤቶች ዝርዝር ይጠይቁት። መልካም መልካሙን መርጦ እንዳይሰጥዎት የመጨረሻዎቹን አሥር በቅደም ተከተል ይበሉት። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ መጀመሪያ የተጠራበት ዋጋ፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ ገበያ ላይ የቆየበት ቀን። "መጀመሪያ" የምትለዋን ቃል አይልቀቋት። በ12 ሚሊዮን ወጥቶ፣ ወደ 10 ወርዶ፣ በ9.8 የተሸጠን ቤት ደላላው "ከተጠራው ዋጋ 98 ከመቶ አስገኘሁ" ሊልዎት ይችላል። ከመጀመሪያው ዋጋ ሲሰላ ግን 82 ከመቶ ገደማ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ስልክ ነው። እሱ ለሚሸጠው ሌላ ቤት እንደ ገዢ ሆኖ የሚደውል ሰው ያግኙ። ስልኩን ያነሳል ወይስ ሁለት ቀን ይቆያል? ስለ ካሬው፣ ስለ ሰነዱ፣ ስለ ውኃው ሲጠየቅ ያውቃል? ከዚያ ደዋዩ "ባለቤቱ መጨረሻ ስንት ይቀበላል?" ይበለው። "9 ብለዋል፣ ግን 8 ተኩልም ቢመጣ ይሸጣሉ፤ ቸኩለዋል" ካለ ነገ ስለ እርስዎም እንዲሁ ይናገራል። ይህን ፈተና የሚወድቀው ሰው ብዙ ስለሆነ ሳይሞክሩት አይፈርሙ።

ሦስተኛው፣ ማስታወቂያዎቹን ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ፎቶው በቀን ብርሃን፣ መጋረጃው ተከፍቶ፣ ስልኩ ወደ ጎን ተጋድሞ፣ ከደረት ከፍታ የተነሳ ነው? ወይስ በር ላይ ተቁሞ በማታ አምፖል የተነሳ፣ ጥግ ላይ የልብስ ክምር የሚታይበት? የመጸዳጃ ቤቱ ክዳን ክፍት የሆነበትን ፎቶ የለጠፈ ደላላ የእርስዎንም ሲያነሳ ክዳኑን አይዘጋውም። ጽሑፉ ውስጥ ካሬ ሜትሩ፣ የክፍሎቹ ብዛትና የሰነዱ ሁኔታ ከሌለ "ምርጥ ቤት፣ አያምልጥዎ" ለገዢው የሚነግረው ነገር የለም።

ደላላ ፈቃድ በሚያወጣበት ቦታ ፈቃዱ በስሙ መሆኑንና ዘመኑ አለማለፉን ከሰጪው መሥሪያ ቤት ማጣራት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን የባለቤትነት ሰነዱንና ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ልይ የሚል ደላላ ደስ ሊያሰኝዎት ይገባል፤ ሽያጮች የሚፈርሱት ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ሰዓት በሚወጣ የሰነድ ችግር ነውና።

ጥያቄ፦ አንዱ ደላላ 2 ከመቶ፣ ሌላው 3 ከመቶ ጠየቁኝ። ሦስተኛው ግን "9 ሚሊዮን ለእርስዎ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኔ" አለኝ። ኮሚሽን ስለማልከፍል የሦስተኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ የሦስተኛውን አይቀበሉ። ቤቱ 10 ሚሊዮን የሚያወጣ ቢሆን አንድ ሚሊዮን፣ ማለትም 10 ከመቶ ከፈሉ ማለት ነው፤ ስንት እንደተሸጠም ላያውቁ ይችላሉ። ዋጋው ዝቅ ተደርጎ እንዲታሰብልዎት ደላላው ጥቅም አለው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች እንዲህ ያለው ውል በሕግ የተከለከለው ለዚህ ነው።

በ2 እና በ3 መካከል ያለው ልዩነት በ10 ሚሊዮን ቤት ላይ 100,000 ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ግን ለብቻው አይወስን። በቀደመው መልስ ያየነውን ዝርዝር አጠገቡ ያስቀምጡ፦ የ3 ከመቶው ደላላ ቤቶችን ከሌላው በ4 ወይም በ5 ከመቶ በተሻለ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ ርካሹ እሱ ነው።

ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ዋጋው በ200,000 ቢጨምር የ3 ከመቶው ደላላ የሚያገኘው ተጨማሪ 6,000 ብቻ ነው። ለዚያ ብሎ ተጨማሪ ሦስት ሳምንት ቤት ከሚያሳይ፣ የመጣውን ዋጋ ተቀበሉ ብሎ ቢያግባባዎት ይቀልለዋል። ኢኮኖሚስቶቹ ስቲቨን ሌቪትና ቻድ ሲቨርሰን በአሜሪካ ወደ 100,000 የሚጠጉ የቤት ሽያጮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፦ ደላሎች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ከደንበኞቻቸው ቤት 10 ቀን ያህል አስበልጠው ያቆያሉ፣ በ3.7 ከመቶ የበለጠ ዋጋም ያገኛሉ።

መድኃኒቱ ክፍያውን በደረጃ ማድረግ ነው። ለምሳሌ እስከ 9 ሚሊዮን 2 ከመቶ፣ ከ9 በላይ ካለው ላይ ደግሞ 10 ከመቶ። ቤቱ በ9.5 ቢሸጥ 180,000 እና 50,000፣ በድምሩ 230,000 ይሆናል። ለመጨረሻዋ ግማሽ ሚሊዮን መድከም አሁን ለእሱም ያዋጣል። መነሻውን 9 ሚሊዮን ግን እርስዎ ከተሸጡ ቤቶች ዋጋ ተነስተው ይወስኑት፤ ለደላላው ከተዉት 8 ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ደላላው ለስድስት ወር ለሱ ብቻ የሚሰጥ ውል አምጥቶ "መደበኛ ነው፣ ይፈርሙ" አለኝ። ለአምስት ስድስት ደላላ ብነግር አይሻልም?

መልስ፦ ለአንድ መስጠቱ መጥፎ አይደለም። ለስድስት ሰው የተሰጠን ቤት ማንም ገንዘብ አውጥቶ በደንብ ፎቶ አያነሳውም፤ ቀድሞ ገዢ ያመጣው ሌላ ቢሆን ወጪው ይቀርበታል። ይባስ ብሎ አንዱ ቤት በሦስት ማስታወቂያ፣ በሦስት ዋጋ ይወጣል፤ ገዢውም ዝቅተኛውን ይዞ ይመጣል።

ስድስት ወሩ ግን ረዥም ነው። 90 ቀን ይበሉት፣ ሥራውን ካልሠራ በ14 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ማቋረጥ እንደሚችሉም ይጻፍ። ከዚያ የሚከተሉትን ቦታዎች እየፈለጉ ያንብቡ።

ኮሚሽኑ የሚከፈለው መቼ ነው? "ገዢ ሲቀርብ" ወይም "ስምምነት ሲደረስ" የሚል ከሆነ፣ ገዢው ኋላ ቢሸሽም ሊጠየቁ ይችላሉ። "ሙሉ ክፍያው ተፈጽሞ ስም ሲዛወር" በሚል ይቀየር።

ገዢውን ራስዎ ቢያገኙስ? አንዳንዱ ውል ያኔም ያስከፍላል። ከመፈረምዎ በፊት ቤቱን የጠየቁ ሰዎች፣ ተከራይዎ ወይም ዘመድዎ ካሉ ስማቸው ተዘርዝሮ ከኮሚሽኑ ውጪ ይደረግ።

ውሉ ካለቀ በኋላም ደላላው ያመጣው ገዢ ቢገዛ ይከፈለኛል የሚል አንቀጽ ይኖራል። ፍትሐዊ ነው፤ ከ60 ቀን እንዳይበልጥ፣ ደላላውም ውሉ ባለቀ በሳምንት ውስጥ ያሳያቸውን ሰዎች ስም በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ያድርጉ። ያለዚያ የማንኛውም ገዢ ስም ኋላ ሊነሳ ይችላል።

የገዢውም ደላላ እሱ ቢሆንስ? ከሁለቱም ወገን የሚቀበል ሰው የእርስዎን ዋጋ ከፍ ለማድረግ በነፃነት አይከራከርም። አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎት፣ ኮሚሽኑም እንዲቀንስ ይጠይቁ።

ሳምንታዊ ሪፖርትም ይካተት፦ ስንት ሰው ደወለ፣ ስንት ሰው መጥቶ አየ፣ ምን አለ። ቁጥሮቹ ይናገራሉ። ማስታወቂያው ታይቶ የሚደውል ከጠፋ ችግሩ ፎቶው ወይም ዋጋው ነው። አሥር አሥራ ሁለት ሰው መጥቶ አይቶ ማንም ዋጋ ካልሰጠ ደግሞ ሰዎቹ ውስጥ ገብተው ያዩት አንድ ነገር ከተጠራው ዋጋ ጋር አልሄደላቸውም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ውጭ አገር ነው። ደላላው ውክልና ከሰጡኝ ሁሉንም እጨርስልዎታለሁ ይለኛል።

መልስ፦ የመሸጥና ገንዘብ የመቀበል ውክልና ለደላላው አይስጡ። ኮሚሽን የሚቀበል ሰው ዋጋውን የሚወስን፣ የሚፈርምና ገንዘቡን የሚይዝም እሱ ከሆነ የሚቆጣጠረው አይኖርም። ውክልናው ለሚያምኑት የቤተሰብ ሰው ወይም ለጠበቃ ይሁን፤ በውስጡ ቤቱ በግልጽ ተለይቶ፣ ሊሸጥ የሚችልበት ዝቅተኛ ዋጋና ውክልናው የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት። ቀብድም ቢሆን ወደ ደላላው የግል ሒሳብ አይግባ፤ በቀጥታ በስምዎ ወዳለው ሒሳብ ወይም በሦስተኛ ወገን ወደሚያዝ ሒሳብ ይግባ።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ደላላ ነው። ለሌላ ብሰጥ ዘመድ ይቀየመኛል።

መልስ፦ ከሌሎች ሁለት ደላሎች ጋር እኩል ይጠይቁት፦ የአሥር ቤቶቹን ዝርዝር፣ ዋጋውን ያመጣበትን ማስረጃ፣ የ90 ቀን ውሉን። ካሟላ ይስጡት። ካላሟላ ቅሬታውን ዛሬ መቀበል ይሻላል፤ ሦስት ወር ቆይተው ውል ቢያቋርጡበት የባሰ ይቀየማል።