ፍሬሽማን ፊዚክስ፦ ከጅማ መምህራን የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጅማ ላይ የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ከምታስተምሩ ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ፣ ከነመልሳቸው።

መምህር፣ ተማሪዎቼ ቀመሩን ቸክለው ይመጣሉ። ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል ግን ይጠፋባቸዋል። ለምን?

ከልጅነታቸው ይዘውት የመጡት እምነት ስላልተነካ ነው። ነገ ጠመኔ ወደ ላይ ወርውሩና «ከእጄ ከወጣ በኋላ ምን ኃይል አለበት?» በሉ። ብዙዎቹ «የእጅዎ ኃይል» ይላሉ። አየሩን ከተውነው ግን ያለው የምድር ስበት ብቻ ነው። ጫፍ ደርሶ ፍጥነቱ ዜሮ ሲሆን እንኳ አክሰለሬሽኑ (የፍጥነቱ ለውጥ በየሰከንዱ) ያው 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው፣ ወደ ታች። መጀመሪያ ይገምቱ፣ ከዚያ አስረዱ።

ከመቶ በላይ ተማሪ ይዤ እንዴት ላወያይ?

የሃርቫርዱ ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ዘዴ ለትልቅ ክፍል ይሆናል። ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ሁሉም ዝም ብሎ ያስብ። ከዚያ ጎረቤት እንዳያይ መልሱን ደረት ላይ በጣት ያሳዩ። ትክክለኛውን ያገኙት ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ ከአጠገባቸው ካለው ጋር ይከራከሩ፣ እንደገና ይምረጡ። ወጪው ጣት ብቻ ነው!

እንዲህ ካደረግን ኮርሱ ያልቃል?

የተወሰነ ይቀራል፤ እኔ ግን «ይቅር» ከሚሉት ነኝ። የፊዚክስ ተመራማሪው ሪቻርድ ሄክ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ6,000 በላይ ተማሪዎችን ውጤት አነጻጽሮ ነበር። ሌክቸር ብቻ የሰሙት ማሻሻል ከሚችሉት 23 በመቶ ገደማ አሻሻሉ፤ በተሳትፎ የተማሩት 48 በመቶ ገደማ።

በየትኛው ቋንቋ ይወያዩ?

በኦሮምኛም በአማርኛም፣ በሚቀናቸው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃላቱን ሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው።

መጽሐፉ ስለ በረዶ ሸርተቴ ያወራል። እኛስ?

ባጃጅ አለን አይደል? ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደ ቀኝ የገፋችሁ ማነው? ማንም። ሰውነታችሁ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ሲል ባጃጁ ከሥሩ ታጠፈ። ጀበናም አለ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። «ለምን 100 አልሆነም?» በሏቸው።

የላብ ዕቃ የለንም። ምን እናድርግ?

ኮምፒውተር ካለ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ፌት (PhET) ሲሙሌሽን፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሙከራ፣ ነፃ ነው፤ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። እኔ ግን የሎከር ጓጉንቸር እመርጣለሁ። አንድ ሜትር ክር ላይ አንጠልጥሉት፤ ርዝመቱ እስከ ጓጉንቸሩ መሃል ይለካ። በትንሹ ወዝውዙትና አሥር ምልልስ በስልክ ሰዓት ያዙ። 20 ሰከንድ ገደማ ይመጣል፣ ከዚያ የስበት አክሰለሬሽን 9.9 አካባቢ ይወጣል። ሁሌ አንድ ቡድን ግን 12 ይዞ ይመጣል። ጓጉንቸሩን ሲለቁ «ዜሮ» በማለት ፈንታ «አንድ» ብለው ጀምረዋል፤ የለኩት ዘጠኝ ምልልስ ነው። እንዳትነግሯቸው። ሃያ ደቂቃ ስጧቸው፣ ራሳቸው ያገኙታል።