መልስ፦ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት የሚገፋን ምንድን ነው?

አብሽር ወንድሜ፣ ጥያቄህ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነው። «ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት የሚገፋን ጉልበት ከየት ይመጣል?» ብለሃል።

ከየትም አይመጣም። ሚኒባሱ ሲሄድ አንተም በእሱው ፍጥነት እየሄድክ ነበር። ፍሬኑ የያዘው መኪናውን እንጂ አንተን አይደለም። የሚይዝህ እስክታገኝ ጉዞህን ትቀጥላለህ። ኒውተን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1687 ያሳተመው የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው።

ጀማሪን የሚያስቸግረው «ነገር እንዲሄድ ሁሌ መገፋት አለበት» የሚለው ሐሳብ ነው። መግፋት ስናቆም ጋሪው ይቆማላ! የሚያቆመው ግን ሰበቃ ነው፤ ማለትም ነገሮች ሲነካኩና ሲፋተጉ እንቅስቃሴን የሚይዘው ጉልበት። ሰበቃ ባይኖር ሜዳ ላይ ዝም ብሎ ይሄድ ነበር።

አሁን በቁጥር እንየው። አንተ 60 ኪሎ ነህ እንበል። መኪናው በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 15 ሜትር ይሄዳል። በ3 ሰከንድ ቢቆም ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ5 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። ጉልበት ክብደትህ (በኪሎ) በዚህ ቅናሽ ሲባዛ ነው፤ መለኪያውም በሊቁ ስም ኒውተን ይባላል። 60 ሲባዛ በ5፣ 300 ኒውተን። አንተን ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት ይህ ነው፤ 30 ኪሎ ጤፍ አንስቶ የመያዝ ያህል። መቀመጫውን ጨብጠህ ትችለው ይሆናል።

ግጭት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። መኪናው በ0.1 ሰከንድ ቢቆም ጉልበቱ 9,000 ኒውተን ይደርሳል። ይህን የማንም ክንድ አይችለውም። ስለዚህ እባክህ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ቀበቶህን እሰር፤ አጠገብህ ያሉትንም አሳስር።