ከሐይቅ መልስ፦ የወጣቶች ጥያቄና የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ መልስ

ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት የደሴ ወጣቶቻችን ከሐይቅ እስጢፋኖስ ጉዞ ሲመለሱ፣ ጥያቄያቸውን ስም ሳይጽፉ በብጣሽ ወረቀት እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው። አምስት ስድስት ብጠብቅ አንድ መሶብ ሙሉ መጣ፤ ከኮምቦልቻ የተላኩም አሉበት። አንዳንዱ ለንስሐ አባት ብቻ የሚነገር ስለሆነ ለይቼ አስቀመጥሁት። ለቀረው የቻልሁትን ያህል እነሆ።

«መምህር፣ በገዳሙ ሌሊቱን ስንጸልይ አለቀስሁ። ሕይወቴ ተለወጠ ብዬ ነበር። ማክሰኞ ግን መጽሐፉን መግለጥ እንኳ አስጠላኝ። ያ ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው?»

አይደለም፣ ወንድሜ። በጉዞው ላይ ጸሎት ለምን እንደቀለለህ እስቲ መለስ ብለህ አስብ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሌላ ሰው ቀሰቀሰህ። ምን እንደሚጸለይ አልመረጥህም፤ ካህኑ ጀመሩ፣ አንተ ተከተልህ። ቆሎው ተቆልቶ፣ በሶው ተበጥብጦ መጣልህ። ግራና ቀኝህ የቆመው ሁሉ የሚያደርገው ያንኑ ነበር። አንተ ጸሎቱን የተሸከምኸው መስሎህ ነበር እንጂ ሥርዓቱ ነበር አንተን የተሸከመህ። ስትመለስ ስሜቱን ይዘህ ሥርዓቱን እዚያው ተውኸው፤ ስሜት ደግሞ ብቻውን ከሐይቅ እስከ ደሴ ያለችውን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንኳ አይዘልቅም።

እንግዲህ ከሥርዓቱ አንዲት ቁራጭ ወደ ቤትህ አምጣ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀናት ተከፋፍሎ የተሰጠን በከንቱ አይደለም፤ የዕለቱን ብቻ አድርስ። ዳዊትም እንዲሁ የተከፈለ ነው፤ የሰኞ ድርሻ ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150ኛው ላይ ያበቃል። ነገር ግን አደራህን፣ በሠላሳ መዝሙር አትጀምር። ከጉዞ ማግሥት በሠላሳ የጀመረ ወጣት ሐሙስ ሲደርስ አላየሁም። አንድ መዝሙር፣ ፊትህን ከታጠብህ በኋላ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ቆመህ ጸልይ። አንድ ቀን ካመለጠህ እንደ ዕዳ አጠራቅመህ በማግሥቱ ልክፈል አትበል፤ የዛሬውን ብቻ አድርስ። ከጉዞው ጓደኞችህ አንዱ ደግሞ ዓርብ ዓርብ «አደረስህ?» ብሎ የሚጠይቅህ ይሁን።

እኔ ራሴ በአንተ ዕድሜ ከግሸን ስመለስ ዕድሜ ልኬን ቁርስ ላልበላ ተስዬ ነበር። ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። በዐሥረኛው ቀን በእናቴ ፊት ዳቦ ስጎርስ ያዙኝ። አልተቆጡም፤ ቡናውን እየቀዱ «ንስሐ አባትህ ያውቃሉ?» ብቻ አሉኝ። አያውቁም ነበር። ሄጄ ብነግራቸው ሳቁና «ረቡዕና ዓርብን በደንብ ጹም» ብለው ሰደዱኝ። እስከ ዛሬ የያዝሁት ያንን ነው።

«ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ነው የምሠራው። የሌሊት ተረኛ ስሆን ጠዋት እተኛለሁ፣ ቅዳሴ ያልፈኛል። የጸሎት ሕይወት የሚባለው ለእኔ ዓይነት ሰው ይሆናል?»

ለአንተ ዓይነት ሰው እንዲያውም የተዘጋጀ ሰዓት አለ። ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ሌላው ሰው መንፈቀ ሌሊትን የሚያገኛት ከእንቅልፉ ጋር ታግሎ ነው፤ አንተ ግን ነቅተህ፣ ቆመህ ታገኛታለህ። ጳውሎስና ሲላስ ታስረው ሳሉ የጸለዩት በዚያች ሰዓት ነበር። ማሽኑ አጠገብ መጽሐፍ ግለጥ አላልሁም፤ እጅህንም ሥራህንም ጠብቅ። በእረፍት ደቂቃህ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በልብህ ይበቃል። ቅዳሴውን ግን አልተውልህም። ተራህ ወደ ቀን ሲዞር የምታገኛትን እሑድ አስቀድመህ ቁጠራት፤ ልብስ ማጠቢያ እንዳታደርጋት።

«እኛ ሴቶች ከገዳሙ በር ተመለስን። ወንዶቹ ሲገቡ ቆመን አየን። በጣም ከፋኝ።»

እኅቴ፣ መከፋትሽ ትክክል ነው፤ ጥፋቱም የእኛ የአዘጋጆቹ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አይገባበትም፤ ሥርዓቱ የቆየ ነው። ይህን አውቶቡስ ከመሳፈራችሁ በፊት ልንነግራችሁ ይገባ ነበር። በአካባቢው የሴቶች ገዳም ስላለ እዚያ እንድታድሩ አስቀድመን ብንነጋገር ኖሮ በር ላይ አትቆሙም ነበር። ለሚቀጥለው ጉዞ ግሸን የተመረጠበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ ወንዱም ሴቱም አብሮ ይወጣል።

«አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን ናቸው። በጉዞው ላይ አንድ ልጅ ‹ከዚያ ቤት ካልወጣህ እምነትህ አይጸናም› አለኝ።»

ያን ልጅ ሁለተኛ ምክር አትጠይቀው። የወሎ ልጅ ሆኖ እንዲህ ማለቱ ይገርመኛል፤ የእርሱም አጎት ወይም አክስት በሌላው ወገን ሳይኖር አይቀርም። እኛ በሠርጉም በለቅሶውም ሥጋውን ለየብቻ አርደን፣ በአንድ ድንኳን ተቀምጠን የምንበላ ሰዎች ነን። «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ትእዛዝ አባትህ ከሃይማኖትህ ከሆነ ብቻ አይልም።

በተግባር ደግሞ እንዲህ አድርግ። የጾም ወራትህን ለአባትህ አስቀድመህ ንገራቸው። በረመዳን ከንጋት እስከ ምሽት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ የሚውሉ ሰው ጾም ምን እንደሆነ ከብዙ ክርስቲያን ጓደኞችህ ይልቅ ይገባቸዋል። እርሳቸው ሲያፈጥሩ አጠገባቸው ሁን፤ ሲሰግዱ ሬዲዮውን ቀንስ። አንተ ስትጸልይ እርሳቸውም ድምፃቸውን ሲቀንሱ ታያለህ። ከዚህ ያለፈ ጥያቄ ካለህ፣ ብቻህን መጥተህ ብታጫውተኝ ደስ ይለኛል።

«እግዚአብሔር መኖሩን የምጠራጠርበት ቀን አለ። ሰንበት ትምህርት ቤት መምጣቴን ልተው?»

ቶማስ አልተወም። ሌሎቹ ጌታን አየነው ሲሉ እርሱ «ካላየሁ አላምንም» አለ፤ ደግሞ ይህንኑ ብሎ ከእነርሱ ጋር ቀረ። ከስምንት ቀን በኋላ ጌታ ሲመጣ በዚያው ቤት ተገኘ። በዳግም ትንሣኤ የምናስበው ይህንን ነው። እነዚያ ስምንት ቀናት እንዴት ያሉ እንደነበሩ ሳስብ እገረማለሁ፤ ዐሥሩ ደስ ብሏቸው፣ አንዱ በመካከላቸው ፊቱን አጥቁሮ። ማንም ግን ውጣ አላለውም። ጥርጣሬህን ይዘህ ና፤ ከኋላ ወንበር ተቀመጥ፣ መዝሙሩ ከከበደህ ዝም በል።

«የጨጓራ ሕመም አለብኝ፣ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልበላ መቆየት አልችልም።»

ለሐኪምህና ለንስሐ አባትህ ንገር፤ የሚሉህንም አድርግ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስገድድም።

«ስልክ ለምን ሰበሰባችሁብን? ውዳሴ ማርያሜ ያለው ስልኬ ውስጥ ነው።»

ውዳሴ ማርያምህ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ባልሰበሰብነው።

«በሰፈራችን የራሳችንን መንፈሳዊ ጉዞ ማዘጋጀት እንፈልጋለን። ከምን እንጀምር?»

ከአጥቢያችሁ አስተዳዳሪ ፈቃድና ከምትሄዱበት ገዳም ይሁንታ። ከዚያ በፊት ገንዘብ አትሰብስቡ። አንድ ሌሊት አይበቃም፤ የመጀመሪያው ቀን በመንገድና በወሬ ያልቃል፣ ልብ የሚረጋው በሁለተኛው ነው። መርሐ ግብሩን በስብከት አትሙሉት። ብዙ ጊዜ የምናየው ስሕተት ይህ ነው፤ አራት ሰባኪ ተጋብዞ ወጣቱ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ሲነዳ ይውላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም የሌለበት ጊዜ ተዉለት፤ ሐይቁን ይይ፣ አባቶችን ያነጋግር፣ ቢፈልግ ይተኛ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅን የትምህርት ቦታ ባደረጉ ጊዜ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚያ ለዓመታት ተቀምጠው ተምረዋል። እኛ ያንን ሁሉ በቅዳሜና እሑድ ለመጨረስ ስንቸኩል ሳይ ያስቀኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከጉዞው በፊት ወስኑ፦ ከተመለሳችሁ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት የት እንደምትገናኙ። ቀኑ በአውቶቡሱ ውስጥ ከተቆረጠ ይመጣሉ፤ «እንደዋወላለን» ተብሎ ከተለያያችሁ ግን አይመጡም።

«ግሸን መቼ ነው የምንሄደው?»

ለመስከረም 21 አይደለም። በዓሉ ታላቅ ነው፤ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የመጣው የጌታ ግማደ መስቀል ያረፈበት ቦታ ስለሆነ ከየአገሩ ሕዝብ ይጎርፋል፤ ጸጥታ ለሚፈልግ ቡድን ግን አይመችም። ሕዝቡ ከተመለሰ በኋላ በጥቅምት እንወጣለን። የአምባው ብርድ ከደሴም ይብሳል፤ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ያልያዘ ሰው አውቶቡስ ላይ አይሳፈርም።