ጃንክሽን ቦክስ የት ይቀመጥ? ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልስ

ጃንክሽን ቦክስን (የገመድ መገናኛ ሳጥንን) መሸፈን ይቻላል ወይ፣ የትስ ነው መቀመጥ ያለበት የሚል ጥያቄ በብዛት ይደርሰኛል። ሥራዬ የቤት ዝርጋታ ነውና ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ገመድ ከገመድ የሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት። ሳጥኑ ደግሞ ግድግዳ ሳይፈርስ መከፈት አለበት። ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ሳሎናችንን ስናድስ የግድግዳው ክዳኖች አስቀያሚ ሆኑብኝ። በጂፕሰም ብንደፍናቸው ምን ችግር አለው? ገመዱ እንደሆነ አዲስ ነው። (ከአዲስ አበባ)

እባክዎ አይድፈኑት። ገመድ መሃሉ ላይ እምብዛም አይበላሽም፤ የሚበላሸው መጋጠሚያው ነው። ጭነት ሲበዛ ይሞቃል፣ ሲቀንስ ይቀዘቅዛል። በዚህ መሃል ብሎኑ ቀስ በቀስ ይላላል። የላላ መጋጠሚያ ደግሞ የበለጠ ይሞቃል።

በቁጥር እንየው። መጋጠሚያው ላይ 0.1 ኦም ተቃውሞ ብቻ ተፈጥሮ 16 አምፔር ቢያልፍበት፣ 25 ዋት ገደማ ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይወጣል። ሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡባት ትንሿ መበየጃም 25 ዋት ገደማ ናት። ይህ ሁሉ የሚሆነው በተዘጋች የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነው።

ብሬከሩ ይህን አያውቅም፤ የሚያልፈው ከረንት ከልኩ አልበለጠምና። ሰው በኤሌክትሪክ እንዳይያዝ የሚገጠመው የ30 ሚሊአምፔር መከላከያም ዝም ይላል፤ ወደ መሬት የሚፈስ ነገር የለማ። የሚያስጠነቅቅዎት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ የግድግዳው መጥቆር ወይም የመብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ነው። ያኔ ክዳኑን በካቻቢቴ ከፍቶ ማየት ካልተቻለ ባለሙያው መዶሻ ያነሳል።

ክዳኑ ካስጠላዎት ከግድግዳው ጋር እኩል የሚሆን ጠፍጣፋ ክዳን ይግጠሙና በግድግዳው ቀለም ይቀቡት። ሥዕል ቢሰቅሉበትም ችግር የለውም። ጠርዙን ብቻ በስቱኮ አይሙሉት።

ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ደፍነውታል። አሁን ግማሹ ሶኬት አይሠራም። ቤቱን ሳናፈርስ እንዴት እናግኘው? (ከሐዋሳ)

መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ፤ ከዚያ መሞከሪያውን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ባለበት ሌላ ቦታ ፈትሸው መሥራቱን ያረጋግጡና በሶኬቱ ላይ ይሞክሩ። በእኛ አገር ዝርጋታ ሳጥኑ አብዛኛውን ጊዜ ከማብሪያ ማጥፊያው ወይም ከሶኬቱ ቀጥታ ወደ ላይ፣ ከኮርኒሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። እዚያ አካባቢ ግድግዳውን በጣትዎ ይምቱት። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ።

ካልተገኘ ባለሙያ ማብሪያውን ፈቶ በቱቦው ውስጥ የገመድ መሳቢያ ስፕሪንግ ይላክ። ስፕሪንጉ የቆመበትን ርዝመት ለክቶ ግድግዳው ላይ ያሳርፈዋል። በዚህ መንገድ የሚበሳው አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል። በጨረፍታ አይቶ "ሙሉውን ልስን እናንሳው" የሚል ባለሙያ ከመጣ ሌላ ይፈልጉ።

ቁም ሳጥን ጀርባ ቢሆንስ?

የሚነሳ ቁም ሳጥን ከሆነ ይሁን። ከግድግዳ ጋር የተገጠመ ከሆነ ግን ጀርባው ላይ ሳጥኑን የሚያሳይ መክፈቻ ያስቆርጡ።

ኮርኒስ ውስጥ ቢቀመጥስ? ሁሉም ባለሙያ እዚያ ነው የሚያደርገው።

እውነት ነው፣ ይደረጋል። ጥያቄው መድረሻ አለው ወይ ነው። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነው የሚነሳ ኮርኒስ ከሆነ አንዱን ቁራጭ ገፍተው ያገኙታል። ቺፑድ ወይም ወጥ ጂፕሰም ከሆነ ግን ከሳጥኑ ሥር የሚከፈት በር ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ ደረጃ አይኢሲ 60364 መጋጠሚያ ለፍተሻና ለጥገና የሚደረስበት ይሁን ይላል። ከዚህ ነፃ የሚሆኑት እንደ መሬት ውስጥ የተቀበረ ወይም በሙጫ መሰል ነገር የታሸገ መጋጠሚያ ያሉ ጥቂቶች ናቸው።

የእኛ ቤት ኮርኒስ ሌላም ጣጣ አለው፦ አይጥ። የገመድ ልባስ ይበላል። ስለዚህ ኮርኒስ ውስጥ ያለ ሳጥን ክዳኑ በብሎን የታሰረ፣ ገመዱም እስከ ሳጥኑ አፍ ድረስ በቱቦ የገባ ይሁን። በናስትሮ ተጠቅልሎ እንጨት ላይ የተጣለ መጋጠሚያ ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም። የጭቃ ቤት ከሆነ ጥንቃቄው ይበልጥ ጥብቅ መሆን አለበት፤ ግድግዳው ውስጥ ጭድና እንጨት አለ። እዚያ እኔ ቱቦውንም ሳጥኑንም ከግድግዳው ውጭ አስሬ ነው የምሠራው።

የእንጀራ ምጣዱ ስንጥደው የኩሽናው ሳጥን ይሞቃል። ደህና ነው? (ከባሕር ዳር)

አይደለም፤ እስኪታይ ድረስ ምጣዱን አይጠቀሙ። ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ220 ቮልት ይህ ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ፍሪጅና ካውያ በሚሠሩበት መስመር ላይ ከተቀጠለ መጋጠሚያው አይችለውም። ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ ቀጥታ የሚመጣ፣ መሃሉ ላይ መጋጠሚያ የሌለው የራሱ መስመር ያስዘርጉ፤ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ። የድሮው ሳጥን ከምጣዱ በላይ ከሆነ እንፋሎቱ ይገባበታልና ይነሳ።

መታጠቢያ ቤት ውስጥስ?

ከበሩ ውጭ ያድርጉት። የግድ ውስጥ መሆን ካለበት፣ ከሥሩ ገንዳ ለሌለው ሻወር ውኃው ከሚወጣበት ቢያንስ 1.20 ሜትር ይራቅ። ሴራሚክ ሥር አይቀበር።

ቨርጂኒያ ቤት ገዝተን ቤዝመንቱን በድራይዎል (በጂፕሰም ሰሌዳ) ልንዘጋ ነው። ጣሪያው ላይ ሦስት የብረት ሳጥን አለ። የአገር ልጅ ኮንትራክተር "እንዝጋው፣ ማን ያያል" አለን።

አትስሙት። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ አንቀጽ 314.29 ሳጥን የቤቱ አካል ሳይፈርስ የሚደረስበት ይሁን ይላል። አማራጮቹ ሦስት ናቸው፦ ገመዱ ከደረሰ ሳጥኑን ወደማይዘጋ ቦታ ማዛወር፣ ከሥሩ የሚከፈት በር መግጠም፣ ወይም ጣሪያውን በሚነሳ ሰሌዳ መሥራት። ፈቃድ አውጡና ድራይዎሉ ከመለጠፉ በፊት ተቆጣጣሪው ይየው።

ገመድ አጠማዞ በናስትሮ መጠቅለል በቂ ነው? ከአሉሚኒየም ጋርስ?

ናስትሮ ሙቀት ሲመታው ይላቀቃል። ብሎን ያለው ወይም በስፕሪንግ የሚይዝ ማገናኛ ይጠቀሙ። አሉሚኒየምና መዳብ በቀጥታ አይጠማዘዙም፤ እርጥበት ሲነካቸው መገናኛው ይበላል። ለሁለቱ ብረቶች የተሠራ ማገናኛ አለ። ከቆጣሪው በፊት ያለውን ገመድ ግን እንዳትነኩ፤ እሱ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ሥራ ነው።

ተከራይ ነኝ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሳጥን ክዳን የለውም፣ ገመዱ ይታያል። አከራዬ "ምንም አይልም" ይላሉ። ትንሽ ልጅ አለኝ።

እህቴ፣ ይህን ዛሬውኑ አስጨርሺው። ክዳን ርካሽ ነው፤ የሳጥኑን ስፋት ለክተሽ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሂጂ። ካርቶን ወይም ፕላስተር አትለጥፊበት፤ ካርቶን ይቀጣጠላል። ባለሙያው ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ፣ በመሞከሪያ አረጋግጦ፣ የላላውን ብሎን አጥብቆ ይግጠመው። ለአከራይሽ ከመሠራቱ በፊትና በኋላ ያለውን ፎቶ አሳዪያቸው፤ ወጪውንም ከኪራይ ላይ እንዲያስቡልሽ ጠይቂ። እስከዚያው ልጁ የሚወጣበትን ወንበር ከኮሪደሩ አንሺ።