ጉበቱ ደህና ከሆነ ደም ሥሩ ለምን ይታመማል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አላስካ፣ አንኮሬጅ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ነኝ። ከማግዛቸው አንዱ ከምዕራብ አላስካው ዩኮን ኩስኮክዊም ዴልታ የመጡ፣ ከአላስካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የዩፒክ ተወላጅ አባት ናቸው። ሄፓታይተስ ቢ ለብዙ ዓመታት በደማቸው ውስጥ ቢኖርም ጉበታቸው ደህና ነው ሲባል ነው የኖረው። አሁን ግን ከስተዋል፤ ከበሉ በኋላ ሆዳቸውን ያማቸዋል፤ ቀኝ እግራቸው አልነሳ ብሎ ጫማቸው ወለሉን ይፍቃል። ሐኪሙ «ከቫይረሱ የመጣ የደም ሥር ብግነት ነው» አለ። እንዴት ይሆናል? ወደ እኔስ ይተላለፋል?

መልስ፦ «ጉበቱ ደህና ነው» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አዘናግቷል። ቫይረሱ የሚራባው ጉበት ውስጥ ይሁን እንጂ ቅንጣቶቹ በደም ይዞራሉ። ሰውነት ሊከላከላቸው ያወጣቸው ፀረ እንግዳ አካላት ይጣበቁባቸውና ተያይዘው መካከለኛ ደም ቅዳዎች ግድግዳ ላይ ይዘቅጣሉ። ግድግዳው ያብጣል፤ ደም የሚያልፍበት ይጠባል። እግር የሚያነሳው ነርቭ ደም ሲያጣ ጫማ ወለል ይፍቃል፤ አንጀት ሲያጣ ምግብ ያማል። በሽታው ፖሊአርቴራይተስ ኖዶሳ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ይነሳል፤ ዘግይቶም ያጋጥማል።

በአላስካ ተወላጆች ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1974 እስከ 1985 ብቻ 13 ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። ምክንያቱን ዘራቸው ላይ የሚፈልግ ሰው ቢገጥምዎት አይስሙት። በመንደሮቹ ቫይረሱ በቁስልና በጭረት ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር፤ በጨቅላነቱ ከተያዘ ከ10 ሕፃናት ደግሞ 9ኙ ተሸካሚ ሆነው ይቀራሉ። በ1980ዎቹ ክትባቱ በስፋት ከተሰጠ ወዲህ በሕፃናቱ ላይ ቫይረሱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ሕክምናው ሁለት እጅ አለው፦ ብግነቱን የሚያበርድ ስቴሮይድ ለአጭር ጊዜ፣ ቫይረሱን የሚገታ እንደ ኢንቴካቪር ወይም ቴኖፎቪር ያለ መድኃኒት ደግሞ ለረጅም ጊዜ። ስቴሮይድ ብቻውን ሲራዘም ለቫይረሱ መንገድ ይከፍታል፤ ስለዚህ የመድኃኒት ሣጥናቸው ውስጥ ሁለቱም መኖራቸውን ይመልከቱ። ከሌሉ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ በራስዎ ግን ምንም አያስቁሙ።

ብግነቱ ራሱ አይተላለፍም፤ ቫይረሱ ግን በደም ይተላለፋል። አብሮ መብላትና እጅ መጨበጥ አያሰጋም። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ አይጋሩ፤ ቁስል ሲያጥቡ ጓንት ያድርጉ፤ ክትባቱን ካልወሰዱ ይውሰዱ።

በሽታው ኩላሊትን ስለሚነካ የደም ግፊታቸውን ቶሎ ቶሎ ይለኩ። የሆድ ሕመሙ በድንገት ከበረታ ወይም ሰገራቸው ከጠቆረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ አምቡላንስ ይጥሩ።